ከጅማ ሆነን ከውጭ አገር ፊርማ ስንጠይቅ የመልሱን ቴምብር በምን እንክፈል?

ልጅ_ኮቺ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለሦስት ሰዎች የፊርማ ጥያቄ በፖስታ ልልክ ነው። አንዱ ጀርመን ክለብ ውስጥ የሚጫወት፣ አንዱ እንግሊዝ ያለ፣ ሦስተኛዋ አሜሪካ ያለች የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ናት። ደብዳቤውም ፎቶውም ዝግጁ ነው። የቸገረኝ መልሱ ነው። የሚሰጠው ምክር ሁሉ «አድራሻህ የተጻፈበትና ቴምብር የተለጠፈበት የመልስ ፖስታ አብረህ ላክ» የሚል ነው። ለአገር ውስጥ ሲሆን ይገባኛል፤ ከጅማ ወደ ጀርመን ሲሆን ግን የማንን ቴምብር ነው የምለጥፈው? የእኛን ቴምብር ብለጥፍ ይሠራል? አምስት ዶላር ውስጡ ብከትስ? ዓለም አቀፍ የመልስ ኩፖን የሚባልም አለ ይላሉ፤ እሱስ ይሻላል? ደግሞስ የመልሱ ፖስታ ስፋቱ ስንት ይሁን? በአደራ ደብዳቤ ልላከው ወይስ በተራ? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ሄርማታ_ቴምብር

ወንድሜ፣ ከቴምብሩ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ልፋቱን መና የሚያስቀረው እዚህ ላይ ስለሆነ።

ቴምብር ማለት ደብዳቤውን ተረክቦ ጉዞ ለሚያስጀምረው ፖስታ ቤት አስቀድሞ የተከፈለ ሒሳብ ነው። የአንተ ደብዳቤ ጉዞውን የሚጀምረው ከጅማ ስለሆነ የእኛ ቴምብር ይለጠፍበታል። መልሱ ግን ጉዞውን የሚጀምረው ከጀርመን ነው፤ ሒሳቡን የሚጠይቀውም የጀርመን ፖስታ ነው። የኢትዮጵያ ቴምብር እዚያ ሥዕል ያለበት ወረቀት እንጂ ክፍያ አይደለም። ስለዚህ ለጀርመኑ መልስ የጀርመን ቴምብር፣ ለእንግሊዙ የእንግሊዝ፣ ለአሜሪካዋ የአሜሪካ ቴምብር ያስፈልጋል። ሒሳቡ ጎድሎ ከተላከ «ቲ» የሚል ፊደል ይመታበታል፤ ጎዶሎውን ተቀባዩ ይክፈል ማለት ነው። ወይም ከነጭራሹ ሳይነሳ ወደ ላኪው ይመለሳል። ላኪው ክለቡ ነውና ፊርማህ ተፈርሞ ክለቡ ቢሮ ተቀምጦ ይቀራል።

ብር ወይም ዶላር ፖስታ ውስጥ መክተቱን ተወው። የዓለም ፖስታ ኅብረት ስምምነት ዋስትና ባልተገባለት ደብዳቤ ውስጥ ሳንቲምም ሆነ የወረቀት ገንዘብ እንዳይገባ ይከለክላል። ቢጠፋ የሚጠየቅልህ የለም። ደርሶም ቢሆን፣ ጀርመን ያለች ጸሐፊ ዶላሩን መንዝራ፣ ወረፋ ይዛ፣ ቴምብር ገዝታ፣ ለጥፋ ትላክልኝ ማለት ነው። በቀን ብዙ ደብዳቤ የምትከፍት ሰው ይህን አታደርግም። ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ነው፦ መልስ የሚሰጠው ሰው ፈርሞ፣ ከትቶ፣ አሽጎ ሳጥን ውስጥ ከመጣል ሌላ ሥራ እንዳይኖረው አድርገህ ላክ።

አሁን በየአገሩ።

አሜሪካ ቀላሉ ነው። «ግሎባል ፎርኤቨር» የሚባል ክብ ቴምብር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይሸጣል። አንዱ ቴምብር እስከ 1 አውንስ፣ ማለትም እስከ 28 ግራም የሚመዝን ተራ ደብዳቤ ከአሜሪካ ወደ የትኛውም አገር ያደርሳል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ዋጋው 1 ዶላር ከ70 ሳንቲም ነው። ዋጋው ቢጨምርም የገዛኸው ቴምብር አይከስርም፣ ቀኑም አያልፍም። አሜሪካ ያለ ዘመድ አሥር ገዝቶ በሰው እጅ ቢልክልህ ለአሥር ጥያቄ በቃህ። «ፎርኤቨር» ብቻ የሚለውን የአገር ውስጥ ቴምብር ከዚህ ጋር እንዳታምታታው፤ እሱ ለአንድ የአገር ውስጥ ደብዳቤ የወጣ ስለሆነ አንዱ ብቻውን ኢትዮጵያ አያደርስም።

ጀርመን እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ እስከ 20 ግራም ለሚመዝን ዓለም አቀፍ ተራ ደብዳቤ 1 ዩሮ ከ25 ሳንቲም ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቴምብር ሰብሳቢዎች ዘንድ ማህተም ያልተመታበት የጀርመን ቴምብር በርካሽ ይገኛል፤ ዋጋው በድሮው የጀርመን ገንዘብ፣ በማርክ ብቻ የተጻፈበት ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 30 ቀን 2002 በኋላ አያገለግልም። ዩሮ የተጻፈበትን፣ ወይም በሽግግሩ ጊዜ ማርኩንና ዩሮውን አንድ ላይ ጽፈው ያወጡትን ብቻ ውሰድ። ሌላ መንገድም አለ፦ የጀርመን ፖስታ «ኢንተርኔትማርከ» ብሎ በኢንተርኔት የሚሸጠው፣ ወረቀት ላይ የሚታተም ክፍያ። ጀርመን ያለ ዘመድ ለዓለም አቀፍ ተራ ደብዳቤ ገዝቶ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ይልክልሃል፤ አንተ ጅማ ላይ አትመህ የመልሱ ፖስታ ላይ ትለጥፈዋለህ። ሲታተም መቶ በመቶ በሆነ መጠኑ ይሁን። ማተሚያ ቤቱ «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለውን ከነካው አራት ማዕዘኑ ኮድ ይጠብና ማሽኑ ላያነበው ይችላል። አንዱ ኮድ የሚሠራው ለአንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ሁለት ፖስታ ላይ መለጠፍ ማጭበርበር ነው።

እንግሊዝ ትንሽ ያስቸግራል። የንጉሣዊ ምስል ያለባቸው የዘወትር ቴምብሮች እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ከጎናቸው ባርኮድ ከሌላቸው አያገለግሉም። ባርኮዱ የቴምብሩ አካል ነውና ለውበት ብሎ ቆርጦ መጣል አይቻልም። ሥዕል ያላቸው የመታሰቢያና የገና ቴምብሮች ግን ባርኮድ ባይኖራቸውም ይሠራሉ። ዋጋው እዚያ ቶሎ ቶሎ ስለሚጨምር የምትገዛልህ ዘመድ በዚያው ሳምንት ያለውን የዓለም አቀፍ ተራ ደብዳቤ ዋጋ አይታ ትሙላው፤ አምና የተገዛው ዘንድሮ ሊጎድል ይችላል።

ጅሬን_47

ሄርማታ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ቴምብሩ ትክክል ሆኖ ፖስታው ሲሰፋ የሚበላሸውን ልጨምር፤ ብዙ ሰው ግራሙን ቆጥሮ ስፋቱን ይረሳዋል።

በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በብዛት የሚገኘው ሲ5 የሚባለው ፖስታ ነው፤ 16.2 በ22.9 ሳንቲ ሜትር፣ ኤ4 ወረቀት አንዴ ታጥፎ የሚገባበት። ይህን ለመልስ አትጠቀም። አሜሪካ «ደብዳቤ» የምትለው ወርዱ ከ15.6 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠውን ነው። ሲ5 በስድስት ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ በዚያች በስድስት ሚሊ ሜትር ምክንያት «ትልቅ ፖስታ» ተብሎ ዋጋው ይወጣል፣ አንዱ ግሎባል ቴምብርህም ይጎድላል። ጀርመን ደግሞ ይብሳል፦ የተራ ደብዳቤ ወሰን 12.5 በ23.5 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ሲ5 እዚያ ከመካከለኛውም አልፎ ትልቁ ደብዳቤ ውስጥ ይገባል። እንግሊዝ ብቻ 16.5 በ24 ድረስ ስለምትፈቅድ ሲ5ን እንደ ተራ ደብዳቤ ትቀበላለች።

ስለዚህ ለሦስቱም አገር የሚሆነው የመልስ ፖስታ ሲ6 ነው፤ 11.4 በ16.2 ሳንቲ ሜትር። 10 በ15 የሆነ ፎቶ ልክክ ብሎ ይገባል። ለመሄጃው ሲ5 ውሰድ። ሲ6 ሳይታጠፍ ሲ5 ውስጥ ይተኛል፤ የታጠፈ ፖስታ መሐሉ ስለሚሰበር ሲመለስ ማሽን ላይ ይቀደዳል። ሲ5 ከኅብረቱ የትንሽ ደብዳቤ ወሰን፣ ከ16.5 በ24.5፣ ውስጥ ስለሆነ ከዚህ ሲወጣም ችግር የለበትም።

አሁን ክብደቱን በወረቀቱ ስሌት እንየው። ኤ4 ባለ 80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም ነው። የሲ6 ፖስታ 3 ግራም ተኩል ገደማ። 10 በ15 ፎቶ እንደ ወረቀቱ ውፍረት 4 ግራም ገደማ። እንዳይታጠፍ የምትከተው ባለ 300 ግራም ጠንካራ ወረቀት በፎቶው ልክ ሲቆረጥ 4 ግራም ተኩል ይሆናል። የሚመለሰው እንግዲህ ፖስታው፣ ሁለት ፎቶና አንድ ጠንካራ ወረቀት ነው፤ 16 ግራም። ከጀርመኑ 20 ግራም በታች፣ ከአሜሪካው 28 በጣም በታች። ሦስተኛ ፎቶ ከጨመርክ ጀርመን ላይ ጠርዝ ላይ ትቆማለህ፤ ክለቡ የራሱን አንድ ካርድ ደርቦ ቢከትልህ ወሰኑን ታልፋለህ። ለጀርመን አንድ ፎቶ ብቻ ላክ፤ የክለቡ ስጦታ የሚገባበት ቦታ ይኑር። እንዲያውም የጀርመን ክለቦች «አውቶግራምካርተ» የሚሉት የተጫዋቹ ምስል የታተመበት ካርድ በየውድድር ዘመኑ ያዘጋጃሉ። ደብዳቤህ ላይ እሱን ከጠየቅክ ፎቶ መላኩም አያስፈልግህም።

የካርቶን ሣጥን ቆርጠህ እንዳትከት። ባለ ሽንትሩ ካርቶን ቀላል ይመስላል እንጂ 3 እና 4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ከፎቶውና ከፖስታው ጋር 5 ሚሊ ሜትሩን ያልፋል። ደግሞ የማይታጠፍ፣ ደረቅ ፖስታ አሜሪካ ውስጥ በማሽን ስለማይሄድ ተጨማሪ ያስከፍላል። ጠንካራው ወረቀት ጎንበስ የሚል ይሁን፤ የደብተር ሽፋን ያህል።

የሚሄደው ግን 20 ግራምን ያልፋል፦ ሲ5ቱ ወደ 7፣ ደብዳቤው 5፣ የመልሱ ፖስታ ከነፎቶዎቹና ከነጠንካራው ወረቀት 16፤ በድምሩ 28። ጅማ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ሳይታሸግ ወስደህ አስመዝን፤ ሠራተኛዋ ሒሳቡን ከነገረችህ በኋላ እሸገው። ቤትህ ለጥፈህ ከሄድክ ቴምብሩ ወይ ይጎድላል ወይ ይባክናል።

ፖስተኛው_ጅማ

ስለ ኩፖኑ ማንም አላነሳም። ጠያቂው በግልጽ ጠይቋልና ልመልስለት።

ዓለም አቀፍ የመልስ ኩፖን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1906 ሮም ላይ በተደረገው የፖስታ ኅብረት ጉባኤ ነው፤ ለዚሁ ለአንተ ችግር። ላኪው ባገሩ ይገዛዋል፣ ተቀባዩ ባገሩ ፖስታ ቤት ወስዶ እስከ 20 ግራም የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተራ የአየር ደብዳቤ በሚያደርስ ቴምብር ይለውጠዋል። ኢትዮጵያ ኅብረቱ ውስጥ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፦ አባል አገር ሁሉ ኩፖኑን መለወጥ ግዴታው ነው፤ መሸጥ ግን በፈቃዱ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 2013 ጀምሮ መሸጥ አቁማለች፣ እንግሊዝም ከዚያ በፊት አቁማለች፤ ሁለቱም ግን አገልግሎቱ ያላለፈበት ኩፖን ከመጣላቸው መለወጥ አለባቸው። ስለዚህ «እዚያ አይሸጥምና አይሠራም» የሚለው ስሕተት ነው።

ኩፖኑ የሚያልፍበት ቀን አለው። ቀኑ ራሱ ላይ ታትሟል። የዶሃ የሚባለው እትም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2017፣ የኢስታንቡሉ ታኅሣሥ 31 ቀን 2021፣ የአቢጃኑ ታኅሣሥ 31 ቀን 2025 አብቅቷል። በኢንተርኔት ገበያ በርካሽ የሚቸበቸበው አብዛኛው ከነዚህ አንዱ ነውና ለሰብሳቢ ካልሆነ ለመልስ አይሆንም። ስትገዛ ሁለት ነገር እይ፦ የታተመው ቀን ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀረው፤ የሚለውጠው ፖስታ ቤት የሚመታበት ቦታ ባዶ ይሁን። እዚያ ላይ ማህተም ካረፈ የተለወጠ ተብሎ ይመለሳል።

እንግዲህ እኔ ሄርማታ የየአገሩን ቴምብር ለጥፍ ካለው የምለየው እዚህ ላይ ነው። ቴምብሩን ማግኘት ለምትችልባቸው ለጀርመን፣ ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ኩፖን አትላክ፤ በዚህ እንስማማለን። ጸሐፊዋ ፖስታ ቤት እንድትሄድ ታስገድዳታለህ፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛም ኩፖን አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዘመድ የሌለህ አገር፣ ብራዚል ወይም ጃፓን ሲሆን፣ ኩፖን ከምንም ይሻላል። ስትልክ ግን የመልሱን ፖስታ አድራሻውን ጽፈህ አብረህ ክተት፤ ኩፖኑን አግራፍም ሆነ ስቴፕለር አትምታበት፤ ብረቱ የመለያ ማሽኑን ይይዛል፣ ኩፖኑንም ይበሳል። ትንሽ ወረቀት አጥፈህ ውስጡ አስቀምጠውና ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ «ይህ በፖስታ ቤት በቴምብር የሚለወጥ ነው» ብለህ አንድ መስመር ጻፍ። አለበለዚያ ደረሰኝ መስሏቸው ይጥሉታል።

ስለ አደራ ደብዳቤ የተጠየቀው። ሪኮማንዴ ሲሆን ተቀባዩ ፈርሞ መውሰድ አለበት። ደብዳቤው ተጫዋቹ ስም የተጻፈበት ከሆነና የክለቡ በር ላይ ያለው ሰው ልፈርም አልችልም ካለ፣ ማስታወቂያ ትተው ይሄዳሉ፤ ማንም ሳይመጣ ቀኑ ያልፍና ተመልሶ ጅማ ይመጣል። በተራ የአየር ደብዳቤ ላክ። ለመልሱም አደራ አትጠይቅ፤ ክለቡን ወረፋ ታስይዘዋለህ።

ሄርማታ_ቴምብር

ፖስተኛው ስለ ኩፖኑ ትክክል ነህ፤ ለብራዚልና ለጃፓን እቀበላለሁ። ስለ ሪኮማንዴው ግን አንድ ልዩነት አለኝ። ተመልሶ የማይገኝ ነገር፣ ለምሳሌ አርጅቶ ሌላ ቅጂ የሌለው ፎቶ የሚልክ ሰው በአደራ ቢልክ አልነቅፈውም፤ ቢያንስ የት እንደደረሰ ቁጥር ይኖረዋል። ይሻላል የምለው ግን ዋናውን ጨርሶ አለመላክ ነው። ፎቶ ቤት ወስደህ ቅጂ አሳትመህ ላክ።

ዘመድ በየአገሩ ለሌለው ደግሞ ስማቸውን እያየ ከሰብሳቢዎች ሊገዛ የሚችላቸው ቴምብሮች አሉ። ጣሊያን «ቢ ዞና 2» የሚል ታትሞበት የሚሸጠው ቴምብር አፍሪካን፣ እስያንና አሜሪካን ይሸፍናል፤ «ዞና 1» አውሮፓና የሜዲትራኒያን ዙሪያ ስለሆነ ለእኛ ይጎድላል። ስፔን ላይ «ታሪፋ ሲ» የሚለውን ነው የምትፈልገው፤ «ኤ» ለአገር ውስጥ፣ «ቢ» ለአውሮፓ ነው። እነዚህ ቁጥር ሳይሆን ፊደል የተጻፈባቸው ስለሆኑ ዋጋው ቢጨምርም ያደርሳሉ። የአሜሪካም የድሮ ቴምብር ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1861 ወዲህ የወጣ፣ ያልተመታበት የፖስታ ቴምብር በላዩ ላይ በተጻፈው ዋጋ ይቆጠራል። ድምሩን 1 ከ70 ማድረስ ነው እንግዲህ። በሰብሳቢ ዘንድ ከተጻፈው ዋጋ በታች ስለሚሸጡ ዘዴው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ስምንት ቴምብር ለመደርደር ሲ6 ላይ ቦታ አይተርፍህም። አድራሻው ላይ እንዳይወጡ ከቀኝ ራስጌ ጀምረህ ወደ ግራ ደርድር።

ልጅ_ኮቺ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ሁለት ነገር ቀረኝ። ዋሽንግተን አክስቴ አለች፤ መልሱ በእሷ አድራሻ ቢሄድ አይሻልም? ደግሞ ለምስጋና የጅማ ቡና፣ መቶ ግራም የተቆላ፣ በትንሽ ላስቲክ አድርጌ ከደብዳቤው ጋር ብልክስ? ለተጫዋቿም ማሊያ ልኬ ብታስፈርምልኝ ይቻላል?

እህተ_ቴምብር

ወንድሜ፣ የቡናው ሐሳብ መልካም ነው፣ ግን አይሆንም። ደብዳቤ ተብሎ የሚሄደው ወረቀት ብቻ የያዘው ነው። ቡና ከገባበት ዕቃ ይሆናል፤ «ሲ.ኤን. 22» የሚባለው የጉምሩክ መግለጫ ይጠየቅበታል፣ ዋጋው የዕቃ ዋጋ ይሆናል፣ ምግብ ነውና ይፈተሻል። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ አነስተኛ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች ያለ ቀረጥ ይገቡበት የነበረውን ፈቃድ ስላነሳች ዕቃ በፖስታ መላክ ከብዷል፤ ወረቀት ብቻ የያዘ ደብዳቤ ግን ይህ አይነካውም። ስለዚህ ምስጋናህን በደብዳቤው ጻፈው፤ ቡናውን ለአክስትህ በሰው እጅ ላክላት። ማሊያውም ያው ዕቃ ነው፤ ለመመለሻውም ብዙ ብር ይፈጃል። ፎቶ ይበቃል።

አክስትህ ግን ትልቅ መፍትሔ ናት። የመልሱ ፖስታ ላይ የሷን አድራሻ ጻፍና የአገር ውስጥ ፎርኤቨር ቴምብር ይለጠፍበት፤ ዋጋው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 78 ሳንቲም ነው፣ ከግሎባሉ ከግማሽ በታች። መልሱ አገር ሳይለቅ ስለሚደርሳት የመጥፋቱ ዕድል ይቀንሳል። የመጡትን ሰብስባ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ትሰጣለች። ጀርመን ዘመድ ቢኖርህም እንዲሁ ነው፤ የአገር ውስጡ ተራ ደብዳቤ 95 ሳንቲም ነው። ነገር ግን ደብዳቤህ ላይ «ከጅማ፣ ከኢትዮጵያ ነው የምጽፈው፤ መልሱ አሜሪካ ለምትኖረው አክስቴ ይድረስ» ብለህ በግልጽ አስረዳ። ጅማ ብሎ የጀመረ ደብዳቤ፣ መልሱ ዋሽንግተን የሚሄድ ከሆነ፣ ነጋዴ ነው ብለው የሚጠረጥሩ አሉ፤ ፊርማ እየሰበሰቡ የሚሸጡ ስለበዙ። አክስትህንም አስቀድመህ አስፈቅዳት፤ አድራሻዋ የማታውቀው ቢሮ ፋይል ውስጥ ይቀመጣልና። ፖስታው ላይ የአክስትህን ስም ከላይ፣ የአንተን ከሥሯ አድርገህ ጻፍ። ያንተ ስም ብቻ ከሆነ ፖስተኛው «እዚህ የለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

ስለ ማሸጉና አድራሻው ደግሞ ልጨምር፤ የጅማ ክረምት የሚያበላሸው ነገር ስላለ። ምላስ ነክቶ የሚታሸግ ፖስታ እርጥበት ላይ ሲያድር ራሱን በራሱ ይለጥፋል። የመልሱ ፖስታ ተለጥፎ ከደረሰ ቀድደው ይጥሉታል፣ ቴምብሩም አብሮ ይሄዳል። ከክዳኑ ሥር አንዲት የዳቦ ወረቀት ወይም ማንኛውንም ሰም ያለው ወረቀት አስገባ፤ ከተገኘ ደግሞ ፕላስቲኩ ተላጦ የሚታሸገውን ዓይነት ግዛ። ሁለት የሚያብረቀርቅ ፎቶ ፊት ለፊት አታስቀምጥ፤ ተጣብቀው ሲላቀቁ ቀለሙ ይነሳል። ጀርባ ለጀርባ አድርገህ መሐሉ ነጭ ወረቀት ክተት። በኢንክጄት የታተመ ነገር፣ ያ የጀርመኑ ኮድም ቢሆን፣ ጠብታ ሲነካው ይፈሳል፤ በሌዘር አሳትመው።

ቴምብሩን ለጥፈህ ላክ እንጂ ተነቃይ አድርገህ ውስጥ አትተው። ለብቻው የተቀመጠ ቴምብር ይወድቃል፣ ወይም ለሌላ ደብዳቤ ይውላል። በሙጫ የሚለጠፈውን ዓይነት ከሆነ ያገኘኸው፣ ኮላ አትጨምርበት፤ ጠርዙ ላይ የፈሰሰ ኮላ ፖስታውን ከፎቶው ጋር ያጣብቀዋል። በጥቂት ውኃ ነክተህ ለጥፈውና ከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድረው።

አክስትህ ጋ የማትልከው ከሆነ አድራሻው እንዲህ ይሁን። እኛ አገር ፖስተኛ ተራ ደብዳቤ በአብዛኛው ቤት ለቤት ስለማያደርስ ቀበሌና የቤት ቁጥር መጻፍ አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ሣጥን ከሌለህ ያላቸውን ሰዎች ወይም መሥሪያ ቤትህን አስፈቅድና በእነሱ ይሁን፤ ስምህ ግን ከላይ ይቅደም። ከስም በታች ፖ.ሣ.ቁ.፣ ከሥሩ ጅማ፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ለብቻው ኢትዮጵያ። ሁሉም በላቲን ፊደል፣ አገሩ በትልልቅ ፊደል። በአማርኛ መጻፍ ብትፈልግ ከሥር ደግመህ ጻፈው፤ እዚህ ለሚለዩት ይረዳል። በግራ በኩል «ፓር አቪዮን» ብለህ ጻፍበት፤ በፖስታ ኅብረቱ ቋንቋ በአየር ይሂድ ማለት ነው።

ለፎቶው ደግሞ፣ የሚያብረቀርቀው ላይ እስክሪብቶ አይይዝም። ፊርማ የምትጠብቅበት ቦታ ጨለማ ከሆነ ጥቁር ማርከርም አይታይም። ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ያለበትን ምስል ምረጥ፤ ወይም ከፎቶው ጋር 10 በ15 የሆነ ነጭ፣ የማያብረቀርቅ ጠንካራ ወረቀት ላክ። ያ ወረቀት ጅሬን እንዳይታጠፍ ላለው መከላከያም ይሆንልሃል፤ አንዱ ለሁለት ሥራ፣ ክብደትም አይጨምርም።

ጅሬን_47

እህቴ ስለ ነጩ ወረቀት ያለችው ጥሩ ነው፤ ስሌቱ ያው 16 ግራም ላይ ይቆያል። አንድ ጊዜውን ብቻ ልበል፦ ለጀርመኑ በግንቦት ወይም በሰኔ አትላክ። የውድድር ዘመኑ አልቆ ቢሮው ዕረፍት ላይ ነው፣ ተጫዋቹም በዝውውር ክለብ ሊቀይር ይችላል፣ ያንተ ደብዳቤ ግን ተከትሎት አይሄድም። አዲሱ ካርድ የሚታተመው የነሐሴው ውድድር አካባቢ ነው። እንቁጣጣሽን ውለህ መስከረም ውስጥ ጣለው።

ልጅ_ኮቺ (ጠያቂ)

ገባኝ። ለአሜሪካዋ ሲ6 ከአክስቴ አድራሻና ከ78 ሳንቲሙ ጋር፣ ለጀርመኑ ፎቶ ሳልልክ ካርዱን ጠይቄ የታተመውን ኮድ፣ ለእንግሊዙ ባርኮድ ያለው ቴምብር በሰው እጅ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ሲ6ቱን ነገ እዚሁ ጅማ መርካቶ እፈልጋለሁ።

ሄርማታ_ቴምብር

ሲ6 ካጣህ 11 በ22 የሆነው ረጅሙ ፖስታ፣ ዲኤል የሚባለው፣ በሦስቱም አገር ወሰን ውስጥ ነው። 10 በ15 ፎቶ ውስጡ ወደ ጎን ስለሚንሸራተት ጠንካራውን ወረቀት 10 በ21 አድርገህ ቁረጥና ፎቶውን አራቱን ማዕዘን በወረቀት ኪስ ያዘው፤ በፕላስተር አትለጥፈው።